እውነት ወይስ ተረት? ስለ ጭስ ሙቀት ጌጅ የሚባለውና ሞተሩ ውስጥ የሚሆነው

ከዓባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ደጀን የሚወጣ፣ ጣሪያው ላይ ጎማና ጀሪካን የጫነ ባለ ናፍጣ ሀርድቶፕ ሳያርፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ሾፌሩ ዳሽቦርዱን ያያል። የውሃ ሙቀት መርፌዋ መሀል ላይ ናት፤ የዘይት መብራትም አልበራም። ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። በዚያው ደቂቃ ግን ከሲሊንደሮቹ የሚወጣው ጭስ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፤ ይህን የሚነግረው መሣሪያ ግን ፋብሪካው አልገጠመለትም።

የጭስ ሙቀት ጌጅ የሚገጠመው ለዚህ ነው። መኪናቸውን ለዳናኪል፣ ለባሌ ወይም ለኦሞ ጉዞ የሚያዘጋጁ ሰዎች ስለ ጌጁ ሲጠይቁ ከየጋራዡ የሚያገኙት መልስ ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሲወራረስ የመጣ ወሬ ነው። ይህን ለማጥራት መሞከር የሚገባው ስህተቱ ሞተር ስለሚያስከፍል ነው። ጌጅ የሌለው ሾፌር ቢያንስ ይጠራጠራል፣ ጭሱን በመስታወት ያያል፣ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። የተሳሳተ ቁጥር የሚያይ ሾፌር ግን ተማምኖ ይረግጣል።

«የውሃው ጌጅ እስካልወጣ ድረስ ሞተሩ አልጋለም»

ተረት ነው፤ ከሁሉም የከፋውም ይህኛው ነው።

የውሃ ጌጅ የሚለካው በሞተሩ ዙሪያ የሚዞረውን ውሃ ነው። ያ ውሃ ብዙ ሊትር ነው፤ የከበበው ብረትም ብዙ ኪሎ ነው፤ ቴርሞስታትና ራዲያተር ደግሞ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ሊያቆዩት ይታገላሉ። ስለዚህ ሙቀት ውስጥ ውስጡን ሲከማች ውሃው ዘግይቶ ነው የሚሰማው። በዚያ ላይ በብዙ መኪኖች የውሃ ሙቀት መርፌ ሰፊ የሙቀት ልዩነት እያለም መሀል ላይ እንድትቆም ሆን ተብሎ የተሠራች ናት፤ ሾፌሩ በትንሽ በትልቁ እንዳይደነግጥ ተብሎ። ስትንቀሳቀስ ጊዜው አልፏል።

ጭሱ ግን ወዲያው ይናገራል። ቆሞ በሚሠራ የናፍጣ ሞተር የጭሱ ሙቀት ከ100 እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ነው። ሜዳ ላይ በእርጋታ ሲነዳ ከ300 እስከ 450 ባለው ውስጥ ይውላል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲያዝ፣ ወይም ጎማው አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥና ሾፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ሲረግጥ፣ በሰከንዶች ውስጥ 600ን ያልፋል። እግር ሲነሳ በሰከንዶች ይወርዳል። ጌጁ የሾፌሩን እግር የሚያርም መሣሪያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የውሃ ጌጅን ግን አይተካም። የቬንትሌተር ቺንጋ ቢበጠስ ወይም ራዲያተሩ ቢያፈስ የጭስ ጌጁ ምንም አያውቅም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

«700 ካለፈ ፒስተኑ ይቀልጣል»

ግማሹ እውነት ነው። ለፒስተን የሚሆነው የአልሙኒየም ቅይጥ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ባለው መሀል መቅለጥ ይጀምራል፤ ጥንካሬውንማ ከዚያ በፊት ያጣል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ነበልባል ደግሞ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ነው። በዚህ ሒሳብ ማንኛውም የናፍጣ ሞተር በመጀመሪያዋ ደቂቃ ማለቅ ነበረበት። የማያልቀው ከሰል ላይ የተጣደ የአልሙኒየም ድስት ውሃ እስካለው ድረስ በማይቀልጥበት ምክንያት ነው፤ የሚገባው ሙቀት መውጫ አለው። ነበልባሉ የሚመጣው በብልጭታ ነው፤ በየመሀሉ ቀዝቃዛ አየር ይገባል፤ ከታች ዘይት ይረጫል፤ ቀለበቶቹም ሙቀቱን ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ያሻግራሉ።

አደጋው የሚመጣው የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥና ነገሩ ሲረዝም ነው። አንድ መኪና ለመቅደም 720 ለጥቂት ሰከንድ ማየትና አሸዋ ላይ 720 ይዞ አሥር ደቂቃ መፍጨት አንድ አይደለም። ፒስተኑም ብቻውን አይደለም የሚጎዳው። ቀለበቶች ይጣበቃሉ፣ የጭስ ቫልቭ ይቃጠላል፣ ማኒፎልድ ይሰነጠቃል፣ የቱርቦው ተርባይን ይጎዳል፣ ቴስታታው በቫልቮቹ መሀል ይሰነጠቃል።

ታዲያ ገደቡ ስንት ነው? ፋብሪካው ቁጥር ከሰጠ እሱ ነው። ካልሰጠ፣ በሜካኒካል ፓምፕ ለሚሠሩ የቆዩ ሞተሮች ከቱርቦው በፊት ሲለካ ለረጅም ጊዜ ከ650 አለማለፍ፣ 700ን ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንደ ጣሪያ መያዝ ብዙ ጠንቃቃ ባለሙያዎች የሚሄዱበት ልክ ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዙ አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ከዚህ የሚበልጥ ይችላሉ። ማንቂያ ድምፅ ያለው ጌጅ ከሆነ ለአሮጌ ሞተር 650 ላይ ያስተካክሉት። አፋር በረሃ ውስጥ የተሰበረ ሞተር የሚያስከፍለው ከገንዘብ በላይ ነው፤ ውሃም ጥላም በሌለበት ሰው ያስቀራል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሞተር ለይቶ መናገር ይገባል፤ አገራችን በእሱ ላይ ቆማለችና። የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራ፣ ያለ ቱርቦ የሚተነፍስ ሞተር ነው። ነዳጁ በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይሆን ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ይረጫል፤ እሳቱም ከዚያ ይጀምራል። ይህ አሠራር ሞተሩን ዝምተኛና ታጋሽ ያደርገዋል፤ ግን ለቴስታታው ብዙ ሙቀት ይሰጣል። አንዳንድ ባለቤት ጉልበት ፈልጎ ቱርቦ ይገጥምለታል፣ ከዚያ የፓምፑን ብሎን እያዞረ ነዳጅ ይጨምርለታል። ይህን ለማድረግ የወሰነ ሰው ጌጁን ከቱርቦው በፊት ይግዛ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቱርቦው ይቆይ።

ጌጁ የማያየውም አለ። ሴንሰሩ የሚለካው የተቀላቀለውን ጭስ ነው። አንዱ ኖዝል እየተንጠባጠበ አንዱን ፒስተን እያቃጠለ ሊሆን ይችላል፤ አማካዩ ግን 550 ነው ይላል። ኖዝል በጊዜው ማስመርመርን የሚተካ ጌጅ የለም።

«ደጋ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞተር አይግልም»

ይህን የምሰማው በብዛት አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ እውነታው ግን ተገላቢጦሽ ነው።

የናፍጣ ሞተር ሙቀት የሚወሰነው በነዳጅና በአየር ሚዛን ነው። አየሩ በዛ ካለ ትርፉ አየር ራሱ እሳቱን ያቀዘቅዛል። አየሩ ሲያንስና ነዳጁ እንዳለ ሲሆን ጭሱ ይጠቁራል፣ ሙቀቱ ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ያልፋል፤ እዚያ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ቅዝቃዜው ይህን አያካክስም። 40 ዲግሪ የነበረ አየር ወደ 15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጥግግቱ የሚጨምረው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባ ከፍታ የወሰደው ግን 25 በመቶ ያህል ነው።

ሜካኒካል ፓምፕ ይህን ሁሉ አያውቅም። የከፍታ ማስተካከያ ከሌለው ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሰጠውን ያህል ነዳጅ ደብረ ብርሃን ላይም ይሰጣል። ከዱባይ ተገዝቶ የመጣ መኪና ፓምፑ ለባሕር ዳርቻ አየር እንደተስተካከለ ጣርማበርን ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚለቀው አርጅቶ ላይሆን ይችላል፤ ለዚያ ከፍታ ነዳጁ በዝቶበት ነው። የፓምፕ ባለሙያ ነዳጁን ሲቀንስለት ጭሱም ሙቀቱም ይወርዳል፤ በጌጁም ይታያል። እንግዲህ «ቱርቦ ለሌለው ሞተር ጌጅ አያስፈልግም» የሚለውም አብሮ ወደቀ። ቱርቦ ያለው ሞተር ከፍታውን በከፊል ያካክሳል፤ የሌለው ምንም መከላከያ የለውም።

ዳሎል አካባቢ ሲደረስ ነገሩ ሌላ ነው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ አየሩ አይሳሳም፤ ግን ራሱ ግሎ ነው የሚገባው። ግሎ የገባ አየር ግሎ ይወጣል። አሸዋውም ሞተሩን ያለ እረፍት ያሠራዋል፣ መኪናው ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ራዲያተሩ ንፋስ አያገኝም። እዚያ ሁለቱንም ጌጅ እኩል ማየት ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ናፍጣ ነው። በቤንዚን ሞተር ነዳጅ መብዛቱ ጭሱን ያቀዘቅዛል እንጂ አያግልም፤ የናፍጣውን ደንብ ወደ ቤንዚን መውሰድ አይገባም።

«ሴንሰሩ የትም ቢተከል ያው ነው፤ ከቱርቦ በኋላ ከሆነ 150 ጨምርበት»

አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ እንዲሄድ ብመርጥ ይህን እመርጣለሁ፤ የተተከለበት ቦታ ያልታወቀ ቁጥር ቁጥር አይደለም። ሁለት ሰዎች «የእኔ 600 ይላል፣ የአንተስ?» ሲባባሉ አንዱ ከቱርቦ በፊት፣ ሌላው ከቱርቦ በኋላ ከሆነ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው የሚያወሩት።

ቱርቦው የሚዞረው ከጭሱ ኃይል ወስዶ ነው። ኃይል የተወሰደበት ጭስ ይቀዘቅዛል። በእርጋታ ሲነዳ ቱርቦው ብዙ ስለማይሠራ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ጥቂት አሥር ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ዳገት ላይ በሙሉ ኃይል ሲሆን 150፣ 200 ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። «150 ጨምርበት» የሚለው ደንብ ሜዳ ላይ ያለ ምክንያት ያስፈራል፤ ትክክለኛው ቁጥር በእጅጉ በሚፈለግበት ዳገት ላይ ደግሞ ያሳስታል። ከቱርቦ በኋላ 500 የሚል ጌጅ ማኒፎልዱ ውስጥ 600 ይሁን 720 አይናገርም።

ከቱርቦ በኋላ መትከል የሚመርጡ ሰዎች ምክንያት የላቸውም አልልም። ቧንቧውን ፈትቶ ጥርስ ያለው ቀለበት ማስበየድ ቀላል ነው፤ የሴንሰሩ ጫፍ ተሰብሮ ቢወድቅም ቱርቦውን አይነካም። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። መልሱ ግን ጥራት ያለው፣ ጫፉ በብረት የተሸፈነ ሴንሰር መግዛትና ሲያረጅ መቀየር ነው። ፒስተን የሚጠብቅ ጌጅ ቦታው ከቱርቦው በፊት ነው።

ማኒፎልዱ ላይም ቢሆን ቦታ ይመረጣል። የሁሉም ሲሊንደሮች ጭስ የሚገናኝበት፣ ከቱርቦው መገጣጠሚያ ጥቂት ሴንቲሜትር የሚቀድመው ቦታ ነው ተገቢው። ለአንዱ ሲሊንደር ተጠግቶ ከተተከለ የዚያን ብቻ ይናገራል። የሴንሰሩ ጫፍ ጭሱ በሚፈስበት መሀል ላይ መድረስ አለበት፤ ግድግዳው ጥግ ከቀረ ብረቱ ስለሚያቀዘቅዘው ዝቅ አድርጎ ያነባል። ለሁለት የተከፈለ ማኒፎልድ ላይ አንድ ሴንሰር ግማሹን ብቻ ያያል። የላንድክሩዘር 200 ባለ 4.5 ሊትር ቪ8 ናፍጣ ሞተር በእያንዳንዱ ጎን አንድ አንድ ቱርቦ አለው፤ እዚያም ሁለት ሴንሰር ካልተተከለ የአንዱ ወገን ነገር አይታወቅም።

«ሞተሩን አስነስተህ ብሳው፤ ጭሱ ብናኙን ያስወጣዋል»

ተረት፣ ያውም አደገኛ። መብሻው ግድግዳውን እስኪያልፍ ድረስ የሚወጣ ጭስ የለም። ሲያልፍ ደግሞ ቀዳዳውን የሞላው ራሱ መብሻው ነው፤ የመጨረሻዋ ቅርፊት ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ትወድቃለች። ከዚያ በኋላ የጥርስ ማውጣቱ ሥራ አለ፤ እሱም የራሱን ብናኝ ያመጣል። ያ ብናኝ የሚሄደው በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ወደሚዞር ተርባይን ነው። የሚበሳው ሰው እጅም ከጋለ ብረት አጠገብ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ማኒፎልዱን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ መብሳት ነው። የቆየ ሞተር ከሆነ ብሎኖቹን ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ማጠጣት፣ አዲስ ጋስኬት ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ተሰብሮ የሚቀር ብሎን ካለ ሥራው ይረዝማልና ባለመኪናው አስቀድሞ ይወቀው። ማኒፎልዱን መፍታት ጨርሶ ካልተቻለ ቢያንስ ቱርቦው ይውረድ፤ በዚያ በኩል በማግኔትና በመምጠጫ ብናኙን መልቀም ይቻላል። ማኒፎልዱ ቀልጦ የተቀረጸ ብረት (ካስት አይረን) ከሆነ ብናኙ በማግኔት ይያዛል።

ለተለመደው የ1/8 ኤንፒቲ ጥርስ ቀዳዳው 8.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ ጥርስ እየጠበበ የሚሄድ ስለሆነ ጥርስ ማውጫውን እስከ መጨረሻው ማስገባት ስህተት ነው፤ ጥቂት እየሄዱ በሴንሰሩ መሞከር ይገባል። ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የመዳብ ቅባት ተቀብቶ ይታሰር፤ ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ይጠበቅ። ከመብሳቱ በፊት ሴንሰሩ ሲተከል ከመሪው ዘንግ፣ ከሻንሲውና ከቧንቧዎች ጋር እንደማይጋጭ ማየትን ብዙዎች ይረሱታል።

«ሽቦው አጠረ? የመብራት ሽቦ ቀጥልበት»

ሴንሰሩ ቴርሞካፕል ይባላል። ሁለት የተለያዩ ቅይጥ ሽቦዎች ጫፋቸው ሲገናኝና አንዱ ጫፍ ሲግል ጥቂት ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ይህን ቶማስ ዚቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 ያገኘው ነው። ለመኪና የሚመረጠው ኬ የተባለው ዓይነት በዲግሪ የሚሰጠው የአንድ ቮልት 41 ሚሊዮንኛ ያህል ነው። 700 ዲግሪ ላይ እንኳ የአንድ ቮልት 30 ሺህኛ አይሞላም። በዚህ ልክ በሚያንስ ነገር ውስጥ ማንኛውም ቅጥያ ይሰማል።

የመዳብ ሽቦ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ሲቀጠል ጌጁ የሚለካው በጭሱና በቅጥያው መሀል ያለውን ልዩነት ይሆናል። ቅጥያው አጠገብ 80 ዲግሪ፣ ዳሽቦርዱ ላይ 30 ዲግሪ ቢሆን ጌጁ 50 ዲግሪ አሳንሶ ያነባል። ያውም የሞተሩ ክፍል በጋለ ቁጥር ውሸቱ ይጨምራል። ማስረዘሚያው ከራሱ ከኬ ዓይነት ሽቦ ይሁን፤ ፖላሪቲውም ይጠበቅ። ሁለቱ ሽቦዎች ከተገለበጡ ሙቀቱ ሲወጣ መርፌዋ ትወርዳለች።

ዲጂታል ጌጅ ከሆነ ከመተከሉ በፊት በፈላ ውሃ መሞከር ቀላል ነው። ሴንሰሩ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ቁጥሩ ይነበባል። አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ቢያሳይ «ውሃ የሚፈላው በ100 ነው፤ ጌጁ ተበላሽቷል» ብሎ መመለስ ሌላ ስህተት ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጌጁ ትክክል ነው።

ስለ መምረጥ ብዙ አልልም። የሚገዛው ሰው ሊያየው የሚገባው የሴንሰሩን ጥራት፣ ቢያንስ እስከ 900 ዲግሪ የሚያሳይ መሆኑን፣ በፀሐይ የሚነበብ፣ በሌሊት ዓይን የማይወጋ መብራት ያለው መሆኑን ነው። ሰው አሸዋና ድንጋይ እያየ ሲነዳ ቁጥር ለማንበብ ጊዜ ስለሌለው የማንቂያ ድምፅ ከሁሉም ይበልጣል። መብራቱ ያማረ ግን ሴንሰሩ ቀሽም የሆነ ጌጅ ገበያ ላይ አይጠፋም።

«ሞተሩ ሲጮህ ነው የሚጎዳው፤ ቀላል ማርሽ አስገባለት»

ሾፌሮቻችን ሞተራቸውን ስለሚወዱ ድምፁ ሲበዛ ያዝናሉ። ዳገት ላይ አራተኛ ማርሽ ይዘው፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠው፣ ሞተሩ በ1,400 ዙር እየጎተተ ይወጣሉ። ዝም ስላለ ደህና ይመስላል። ጌጁ ያለው ሰው ግን ሙቀቱ ሲወጣ ያያል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚስበው አየር ያንሳል፣ ነዳጁ ግን በእያንዳንዱ ምት ሙሉ ነው። ወደ ሦስተኛ ወርዶ፣ ዙሩ ወደ 2,200 ወጥቶ፣ እግሩ ትንሽ ሲነሳ ያው መኪና ያንኑ ዳገት በአነስተኛ ሙቀት ይወጣል። ውሃውም ይጠቀማል፤ ፓምፑና ቬንትሌተሩ ፈጥነው ይዞራሉና። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሾፌር ከዚያ በኋላ ጌጁን ሳያይም ማርሽ ይቀንሳል።

«ቱርቦ ያለው መኪና ከመጥፋቱ በፊት ሁልጊዜ 5 ደቂቃ በስታርት ይቁም»

ሁልጊዜ አይደለም። ዳገት ጨርሶ ወዲያው የቆመ መኪና ቱርቦው ስለጋለ ሞተሩ ድንገት ከጠፋ ውስጡ የቀረው ዘይት ይቃጠላል፤ ለዚህ ማቆየቱ ተገቢ ነው። ከተማ ውስጥ በእርጋታ ተነድቶ ቤት የደረሰ መኪና ግን በሩ ጋ ሲደርስ ቀድሞውኑ ቀዝቅዟል። ጌጁ ካለ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ወደ 200 ወርዶ ሲረጋ ቁልፉ ይዙር።